የድንቡሼ ሦስት መርፌዎች

መስከረም 4

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ባሕሩ እንዴት ይዞሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ እውነትም ደህና ነን። ድንቡሼ ከሄድሽ ወዲህ ጉንጯ ሞልቶ አገጯ ሁለት ሆኗል። ጡጦውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አኮረፈችው፤ በአራተኛው ቀን ታረቁ። ወደ ሥራ አዝያት እሄዳለሁ። በክትባት ክፍላችን ከመዝገብ መደርደሪያው አጠገብ ከካርቶን አልጋ ሠርቼላታለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ትንሿ አለቃ» ትላታለች።

ሻንጣ ስንዘጋ «እትዬ፣ ይሄ የሳንባ ምች ክትባት እንዲያው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። አሁን ልንገርሽ። ጀርሙ ላዩ ላይ የስኳር ካባ ደርቦ ነው የሚመጣው። የትልቅ ሰው ሰውነት ካባውን አይቶ ጠላት መሆኑን ይለያል፤ የሕፃን ሰውነት ግን ስኳሩን አይቶ ዝም ይላል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ያንን ስኳር ሕፃን በደንብ ከሚያውቀው ፕሮቲን ጋር አጋቡት። ሰውነቷ ሙሽራውን ሲያውቀው ሙሽሪትንም አብሮ ይመዘግባታል፤ በኋላ እውነተኛው ጀርም ሲመጣ ደጅ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። የሳንባ ምችንም፣ ማጅራት ገትርንም ይከላከላል። ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው። የመጀመሪያውን አንቺ እያለሽ ወስዳለች፤ ሁለተኛውን ባለፈው ማክሰኞ እኔው ራሴ ወጋኋት።

በዚያን ቀን የሆነውን ስነግርሽ ትኮሪያለሽ። «ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ ክትባቱ ልክ አይደለም» የሚል ወሬ በሰፈሩ ነፍሶ ነበር። እናቶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዲት ልብስ ሰፊ ልጇን ታቅፋ ልትወጣ ተነሣች። እኔም ድንቡሼን ከካርቶኗ አንሥቼ ጭኗን ገለጥኩና «ይህች የእኔው ደም ናት፤ እዩኝ» ብዬ በሁሉም ፊት ወጋኋት። ትንሽ አለቀሰች፣ ወዲያው ተወችው። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አልወጣም።

ለእኔ ምንም አትላኪ። የምትበይውን ጻፊልኝ፤ እሱ ይበቃኛል።

አክስትሽ

*

ጥቅምት 1

ለእናትም ለአክስትም ለሆኑልኝ እትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ፤ እድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎ ከሁለት ወደብ በኋላ ነው የደረሰኝ። ፖስታው በሰው እጅ ብዛት አርጅቷል፤ እኔም እያነበብኩ ጨርሼ አስረጀሁት።

የምሠራው ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ነው። መስኮት የለንም። ሌሊቱና ቀኑ የሚታወቀን ከላይ በሚወርደው የአንሶላ ዓይነት ነው። ማጠቢያዎቹ ሲሽከረከሩ ወለሉ እግርን ያሳክካል። እኔ መተኮሻው ላይ ነኝ፤ አንሶላው በአንድ በኩል እርጥብ ገብቶ በሌላው በኩል ወረቀት መስሎ ይወጣል፣ እኔና አንዲት ጓደኛዬ ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፋለን። ጣቶቼ ቆዳቸው ወፍሯል፤ ድንቡሼን ስነካት እንዳልቧጭራት እፈራለሁ። ስልክ አለ ይባላል፤ መስመሩ የመንገደኞች ነው፣ ለእኛ የሚደርሰን ድምፅ እየተቆራረጠ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ይሻለኛል።

ወጥ ቤት የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ አግኝቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስለሚልጥ ሁላችንም ሽንኩርቴ እንለዋለን፤ እያለቀሰ የሚስቅ ሰው ነው። እሱም ከድንቡሼ ጋር እኩያ የሆነ ወንድ ልጅ አለው፤ የሚከተበውም በእርስዎ ክፍል ነው። እርስዎ ድንቡሼን በሕዝብ ፊት የወጉበትን ታሪክ ነገርኩት። ከዚያም ለመተኮሻ ክፍሉ ሁሉ ነገርኩ። አንዷ «እንዲህ ዓይነት ሰው ቤቴ ቢኖር እኔም አስር ዓመት እዚህ እቀመጥ ነበር» አለችኝ።

እባክዎ የክትባት ካርዷን ፎቶ ያስነሡልኝ። ሦስቱ መርፌ ሲሞላ በትራሴ ሥር አደርገዋለሁ።

ልጅዎ

*

ጥቅምት 28

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ፈጣሪ ጉልበትሽን ይጠብቅ፤ ጣቶችሽንም።

ሦስተኛው መርፌ ተወግቷል። ካርዷ ሞልቷል። ድንቡሼ አሁን ስስቅላት ትስቃለች፤ የራዲዮ ድምፅ ስትሰማ አንገቷን ታዞራለች።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በምትቆሙበት ወደብ የማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር ከተገኘ፣ የቀኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት የሚያስቀምጠውን ዓይነት፣ ላኪልኝ። የእኛው አርጅቷል። ከመሥሪያ ቤቱ ብጠይቅ ደግሞ ለምን ተፈለገ የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ውልሽ ሲያልቅ ማራዘም ከተቻለ አራዝሚ። ስለ ልጅሽ እኔ አለሁ። አንድ ጊዜ ከገባሽ አይቀር፣ ቤት የሚያሠራ ነገር ይዘሽ ተመለሺ። ለሷ ብለሽ ነው የሄድሽው፤ ለሷ ብለሽ ቆዪ።

አክስትሽ

*

ኅዳር 25

ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ይድረስ። ቴርሞሜትሩን ፈቃድ ወጥቶ በሚመለስ ባልደረባዬ እጅ ልኬያለሁ። ሻጩ «ለምን ትፈልጊዋለሽ?» ሲለኝ «አክስቴ ሕፃናትን የምትጠብቅበት ነው» አልኩት። በደንብ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

የነገሩኝን አሰብኩበትና አራት ወር አራዘምኩ። ሽንኩርቴ አጠገቤ ቆሞ «ልጅሽ ያለችው ነርስ እጅ ነው፤ የእኔ ያለው በሚስቴና በፈጣሪ እጅ ብቻ ነው፤ አንቺ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው አልኩና ፈረምኩ።

የካርዱ ፎቶ አልመጣልኝም። ረስተውት ይሆናል። ፎቶ አንሺ ከጠፋ ቁጥሩንና ቀኑን በእጅዎ ገልብጠው ይላኩልኝ።

ልጅዎ

*

ጥር 6

ለልጄ፤

ደህና ነሽ? ዘግይቼ ስለጻፍኩ አትቀየሚኝ። በጤና ጣቢያው ሥራ በዝቷል። የቀድሞው ኃላፊያችን ተዛውሮ አዲስ ኃላፊ መጥታለች፤ ወጣት ናት፣ የድሮ መዝገብ ሁሉ እያወጣች ታነባለች። ቴርሞሜትሩ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ።

ድንቡሼ የታችኛው ጥርሷ ብቅ ብሏል። ስለ ካርዱ አትጨነቂ፤ ሁሉም ተሞልቷል።

አክስትሽ

*

የካቲት 2

ለእትዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ያለፈው ደብዳቤዎ አጠረብኝ፤ ደክሞዎት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ሽንኩርቴ ከሚስቱ ደብዳቤ መጥቶለታል። በነሐሴ ወር ማቀዝቀዣው ከልክ በላይ ቀዝቅዞ የሳንባ ምች ክትባቱ በረዶ ሆኖ ነበር፣ በረዶ የነካው ደግሞ አቅሙን ያጣል፣ ስለዚህ ከዚያ የተወጉት አርባ አንድ ሕፃናት በስም እየተጠሩ እንደገና እንዲከተቡ ተደርጓል ትላለች። የእሱን ልጅ በታኅሣሥ ጠርተው ወግተውታል። ደብዳቤውን ሲያነብልኝ እንደ ልማዱ አልሳቀም። «ያንቺስ ተጠራች?» አለኝ። «እንዴታ፣ እትዬ እዚያው አይደሉም እንዴ፤ ከሁሉም ቀድማ ተወግታ ይሆናል» አልኩት።

እንደዚያ ነው አይደል? እኔን ላለማስደንገጥ ብለው ነው ያልነገሩኝ። ግን ይንገሩኝ። አንድ መስመር ትበቃኛለች፤ «አዎ፣ እንደገና ተወግታለች» ይበሉኝ።

ልጅዎ

*

የካቲት 24

ለልጄ፤

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። መጀመሪያ ይህን ልበልሽ፦ ድንቡሼ በሕይወት አለች፤ አጠገቤ ተኝታለች።

በዚህ ወር በስምንት ቀን፣ ጠዋት ላጥባት ስል ሰውነቷ ይፋጃል። ጡጦውን ገፋችው። ከወትሮዋ የተለየ፣ ቀጭን የሆነ ልቅሶ አለቀሰች። አናቷ ላይ ያለው እርግብግቢት ተወጥሯል፤ አንገቷን ሳነሣ ግትር አለብኝ። ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ወዲያው ነው ያወቅሁት። አዝያት እስከ ሆስፒታሉ ሮጥኩ። ማጅራት ገትር ነው አሉ፤ ያመጣውም ያው የሳንባ ምቹ ጀርም ነው። አስራ አራት ቀን መድኃኒት በደም ሥሯ ወሰደች። በሦስተኛው ቀን ራሷን ሳተች፤ በአምስተኛው ዓይኗን ገለጠች። ዛሬ ወተት ትጠጣለች፣ ትቀመጣለች።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር ስንገናኝ እናወራለን።

አክስትሽ

*

መጋቢት 12

ለክትባት ክፍሉ ነርስ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ወደብ ላይ ነው። ከመርከቡ ወርጄ በሕዝብ ስልክ ሆስፒታሉ ደወልኩ። ሕፃናት ክፍል ያለችውን ሐኪም እስኪያገኙልኝ ብዙ ቆምኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፉ ሰዎች ፊቴን አይተው ተራቸውን ለቀቁልኝ።

ሐኪሟ እርስዎ ያልጻፉልኝን ነገረችኝ። ልጄ አትሰማም። በሁለቱም ጆሮዋ። ለአክስትየው ገና በአልጋ ሳለች ነግሬያቸዋለሁ አለችኝ። እርስዎ ግን «ወተት ትጠጣለች፣ ትቀመጣለች» ብለው ጻፉልኝ።

ከዚያ ክትባቷን ጠየቀችኝ። «ሦስቱንም ወስዳለች» አልኳት። «ጤና ጣቢያው በላከልን እንደገና የተከተቡ ሕፃናት ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ ስሟን አጣሁት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከቀዘቀዘው ብልቃጥ ከሆነ እንዳልተወጋች መቁጠር ነው» አለችኝ። በደህናው ክትባት ተወግታ ቢሆንስ ይህ አይደርስባትም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሰው የምታታልል አይደለችም፤ «እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። የጀርሙ ዓይነት ብዙ ነው፣ ክትባቱ ሁሉንም አይሸፍንም፤ የትኛው እንደያዛት የምንለይበት ምርመራ እዚህ የለንም። ግን ክትባቱ የሚከላከላቸው ዋና ዋናዎቹን ነው» አለች። እንግዲህ የተውልኝ ይሄንን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቅ እንድኖር።

ስለ ልጄ ጉዳይ ከሽንኩርት ላጭ ነው የሰማሁት። እኔ ደግሞ ለእርስዎ ጥብቅና ቆሜ ተከራከርኩት።

ስንገናኝ እናወራለን አይበሉኝ። መቀዝቀዙን መቼ ነው ያወቁት? ልጄን በዚያ አግዳሚ ፊት ሲወጓት ያውቁ ነበር? ስሟስ ከዝርዝሩ የወጣው በማን እጅ ነው? ይጻፉልኝ። ቀጣዩ ወደብ ሚያዝያ 10 ነው፤ ከዚያ ወርጄ እመጣለሁ። ከመምጣቴ በፊት ማንበብ እፈልጋለሁ።

የድንቡሼ እናት

*

መጋቢት 29

ለልጄ፤ እንዲህ ብዬ መጥራቱን ካልከለከልሽኝ፤

የጠየቅሽኝን ልመልስ።

በነሐሴ አንድ ሰኞ ጠዋት የማቀዝቀዣውን በር ስከፍት ብልቃጦቹ ውርጭ ለብሰዋል። እሑድ ያጸዳ ሰው ሳያውቅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻ አዙሮት ነበር። አንዱን አሟሙቼ ነቀነቅሁና ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ደህና ክትባት ሲነቀነቅ ወጥ ሆኖ ነጣ ይላል፣ ቶሎ አይዘቅጥም። ይሄኛው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዝቃጩ ከታች ተኛ፤ ከላይ ውሃ ሆነ። ይህን ፍተሻ ለሌሎች ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ለኃላፊው ነገርኩት። ከወንበሩም አልተነሣም። «ሲስተር፣ አዲስ ክትባት የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሪፖርት ካደረግን ክፍሉ ይዘጋል፤ እናቶቹ አንዴ ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም። የቀዘቀዘ ክትባት ሰው አይገድል፤ ይቀጥሉ» አለኝ። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ደመወዜን አሰብኩ፣ ስሜን አሰብኩ። ቀጠልኩ። ጥፋቱን በሱ ማሳበብ እችል ነበር፤ ግን መርፌው በእኔ እጅ ነበር።

ወሬው ከተነዛ በኋላ በዚያ ማክሰኞ፣ ያቺ ልብስ ሰፊ ስትነሣ ሁሉም አብረዋት እንደሚወጡ አወቅሁ። ያን ጊዜ ድንቡሼ ካርቶኗ ውስጥ እግሯን ታወራጫለች። አዎ፤ አውቄ ነው የወጋኋት። ለሌላው እየሰጠሁ ለእኛዋ ብከለክል ራሴን መክሰስ መስሎ ታየኝ። እውነቱ ግን ከዚህም ይከፋል፤ ልጅሽን መሐላ አድርጌ ተጠቀምኩባት። ደግሞም ኮርቼ ጻፍኩልሽ። ስጽፈው እውነት መሰለኝ።

አዲሷ ኃላፊ የሙቀት መዝገቡን አይታ ዝርዝር አውጪ ያለችው እኔኑ ነው። አርባ ሁለት ስም ነበር። የድንቡሼን ጽፌ ሰረዝኩት። እሷ ከተጠራች ያ ሁሉ እናት «እያወቀች ነው የወጋቻት» ይለኛል አልኩ። ብቻዬን ቀስ ብዬ እወጋታለሁ ብዬ ነበር። ግን ብልቃጥ ሲከፈት ይመዘገባል፣ የተወጋው ሕፃን ስም ይጻፋል። በዚህ ማክሰኞ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ እያልኩ ስምንት ማክሰኞ አለፈ። በዘጠነኛው ሳምንት ትኩሳቱ መጣ።

ጆሮዋን ያልጻፍኩልሽ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። ከአልጋዋ ጀርባ ሆኜ ስሟን ስጠራ አትዞርም። ጎረቤት በር ሲወድቅ እኔ እደነግጣለሁ፤ እሷ በእኔ ድንጋጤ ትስቃለች።

ቆዪ ያልኩሽም እኔ ነኝ። ከነሐሴ በኋላ መምጣትሽን ፈርቼ ነበር።

አክስትሽ

*

ሐምሌ 15

ለልጄ፤

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። እንደማትመልሽልኝ አውቃለሁ። የመጣሽ ዕለት ልብሷን ሰብስበሽ፣ ጡጦዋን ከእጄ ወስደሽ ወጣሽ። ድንቡሼ ከአንቺ እቅፍ ወደ እኔ እጇን ስትዘረጋ ወደ ውስጥ የገባሁት ጨክኜ አይደለም፤ እንዲቀልልሽ ብዬ ነው።

ለኃላፊዋ ሁሉንም ነገርኳት። ከሥራ ታግጃለሁ። ከዚያ በየቤቱ ዞርኩ። አርባ አንዱም ሕፃናት በጊዜው እንደገና ስለተወጉ ደህና ናቸው። እኔ የሄድኩት ክትባት ልሰጥ አይደለም፤ ዋሽቻችሁ ነበር ልላቸው ነው። አንዳንዶቹ በር ዘጉብኝ፣ አንዳንዶቹ ውሃ ሰጡኝ። ያቺ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም አዳመጠችኝ። ስጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «የእኔን ልጅ ያዳነው ዝርዝሩ ነው። የራስዎን ልጅ ከዝርዝሩ ያወጡ ሰው ለእኔ ልጅ ያዝናሉ ብዬ አላምንም» አለችኝ። ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፦ የቀሯትን መርፌዎች አስወጋሻት? ማጅራት ገትር አንዴ የያዘውን ልጅ ሁለተኛ አይዘውም ብለሽ እንዳትተይው። እኔ ስላጠፋሁ ክትባቱን እንዳትጠይው።

አክስትሽ

*

ጥቅምት 3

ለእትዬ፤

ከእርስዎ ቤት ከወጣን ዓመት ከስድስት ወር ሆነን። አስራ አንድ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ አንዱንም አልቀደድኩም፤ አንዱንም አልመለስኩም።

የጠየቁኝን ልመልስ። ተወግታለች። በመጣን በሳምንቱ ነው የወሰድኳት። ነርሷን ልጄ ከመወጋቷ በፊት ብልቃጡን አሳዪኝ አልኳት፤ ደንግጣ አየችኝ። ነገሩን ስነግራት ማቀዝቀዣውን ከፍታ የሙቀቱን ቁጥር አስነበበችኝ፣ ብልቃጡን በብርሃን ፊት ነቀነቀችልኝ። ከዚያ ወዲያ በሄድን ቁጥር ሳልጠይቃት ታሳየኛለች። ክትባቱን አልጠላሁትም። የጠላሁት ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

እኔ አሁን ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። ክፍሉ መስኮት አለው። የምንኖረው ከልብስ ማድረቂያው ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ድንቡሼ ጠዋት ጠዋት መስማት የተሳናቸው ሕፃናት የሚውሉበት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ፈጠነች፤ እኔ ምልክቱን በወረቀት ሥዬ አጠናለሁ፣ እሷ በእጇ ትቀልድብኛለች። ሰነፍ ተማሪ ነሽ ማለቷ እንደሆነ መምህሯ ነገረችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት እርስዎን ፈልጋ አለቀሰች። እኔን አታውቀኝም ነበር። ማታ ማታ እንቅልፍ ሲያሸንፋት ብቻ ነበር እቅፌ የምትገባው። ይህንንም እርስዎ እንደወሰዱብኝ እቆጥረዋለሁ። በመርከቡ ላይ ያለፈው ጊዜዬ ሁሉ «እትዬ አሉ» በሚል አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። ቤተሰብ የሚባል ነገር ሲነሣ ሌላው ስለ እናቱ ሲያወራ እኔ ስለ እርስዎ ነበር የማወራው። አሁን ሰው ሲያምነኝ እንኳ ያሳዝነኛል።

ለምን ዛሬ ጻፍኩ? በትምህርት ቤቱ እያንዳንዱ ልጅ ለሚያውቀው ሰው የራሱን የስም ምልክት ያወጣል። ለእኔ ያወጣችልኝ ምልክት የሚከፈት በር ነው፤ ከበር የገባች ሴትዮ ማለቷ ነው። ለእርስዎ ደግሞ እጇን ወደ ኋላ አዙራ ጀርባዋን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፤ ያዘለችኝ ማለቷ ነው። ያኔ አስር ወሯ ነበር። ታስታውሳለች ብዬ አላሰብኩም። መምህሯ ግን አንዳንዱ ነገር ከጆሮም ከዓይንም ቀድሞ ይገባል አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመልሳት ደጃፉ ላይ ትቀመጥና ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ መዳፏን ትገልጥልኛለች። የት አሉ ማለቷ ነው። እኔም «ነገ» እላታለሁ። የነገን ምልክት ገና መጀመሪያ ላይ ነው የተማርኩት፤ ጣትን ወደ ፊት ወርወር ማድረግ ነው፣ ቀላል ነው። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ነገ አልኳት። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ። ልጄን ላለማሳዘን ነው እያልኩ። እርስዎም ካርዱ ሞልቷል ሲሉኝ እንደዚሁ ብለው ይሆናል።

ትናንትም ጠየቀችኝ። ነገ ልላት ጣቴን ሳነሣ አልጨረስኩም፤ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደችውና ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነን። አድራሻው ከፖስታው ጀርባ አለ። ለእሷ ይምጡ። ከኋላዋ ሆነው አይጥሯት፤ ፊት ለፊቷ ቆመው ፊትዎን ያሳዩዋት። ከእኔ ግን ምንም አይጠብቁ። በሩን እከፍትልዎታለሁ፤ ከዚያ በላይ ገና አልችልም።

የድንቡሼ እናት